ፍሬሽ የተባለው ሁሉ

መጋቢት 3፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። ቤት ያለነው እኔና ልጅሽ ነን፤ እሷ ጸጉሯን ታጥባ ተኝታለች፣ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ።

እህት ዓለሜ፣

ሰላምታዬን ባስረዝመው ደስ ባለኝ፤ ግን ሰላምታ ሲረዝምብሽ ከኋላው የተደበቀ ነገር አለ ብለሽ እንደምትጠረጥሪ አውቃለሁ። ስለዚህ ባጭሩ፦ ጉልበቴ ደህና ነው፣ ሳሉ ለቆኛል፣ ልጅሽ ወፍራለች። ያልደወልኩልሽ ኮርቼ አይደለም። ስልክ ላይ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ደግሞ እመቤትሽ አጠገብሽ ቆማ ስትሰማ ከዚህ ሆኜ ይታወቀኛል። ወረቀት ይሻለናል። የአውቶቡሱ ሹፌር እንደሆነ በማግሥቱ ያደርስልናል።

ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው፤ አድጋለች። ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ኋላ ክፍል ውሃ ውስጥ አትቆምም። በፎቶው ያየሽው ቆብ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው «ፍሬሽ» ነው የሚለው። የሱፐርማርኬቱ የሥጋ፣ የዶሮና የዓሣ ክፍል ስሙ እንዲያ ነው፤ እኛንም ሠራተኞቹን «ፍሬሾች» ይሉናል። እኔን በዚህ ዕድሜዬ!

ትርጉሙን ንገሪኝ ስላልሽ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቀኝ የለም። እንደምታውቂው ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ በሩ ነው፣ አንቺን ለማድረስ። ፊደል የለቀምኩት ከካርቶን፣ ከሳሙና መጠቅለያና ከመድኃኒት ወረቀት ነው። ፍሬሽ የሚለውን መጀመሪያ ያነበብኩት የጥርስ ሳሙና ላይ ነበር፤ ጥርስ ማለት መሰለኝ። ቀጥሎ ሽንት ቤት የሚሰቀል የሽታ ማጥፊያ ላይ አገኘሁት። ጥርስና ሽንት ቤት ምን አገናኛቸው እያልኩ ስንት ጊዜ ከረምኩ። ኋላ ሰው ሲናገረው መስማት ጀመርኩ። ጭማቂ ሻጩ ፍሬሽ ነው ሲል አሁን የተጨመቀ ማለቱ ነው። የዕቃ ጫኙ መኪና ሹፌር «ፍሬሽ አየር ልውሰድ» ሲል ሲጋራ ሊያጨስ መውጣቱ ነው። ኮሌጅ የገባ ልጅ በመጀመሪያ ዓመቱ ፍሬሽ ይባላል። ጥበቃው የተኳኳለች ሴት ሲያይ «ዛሬ ደግሞ ፍሬሽ ብለሻል» ይላል። እኔን ብሎኝ አያውቅም፤ እግዜር ይስጠው።

ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት አለኝ፤ አሮጌ ወረቀት ከሚሸጡት ያነሳሁት ነው። እሱ ሲተነትነው ማለቂያ የለውም። አዲስ፤ ጨው ያልነካው፤ ያልጠወለገ፤ ያልደከመ፤ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ፤ የሚጠጣ ውሃ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ታላቅ ታናሽ የማይል አፈ ልቅ ሰው ይላል። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ተሸክሞ እንዴት ወገቡ እንዳልተቆረጠ!

ልጅሽ ስቲከር ትለጥፋለች። ከላይ ፍሬሽ የሚል፣ ከታች ቀኑ ያለበት። ንጹሕ ሥራ ነው። የእኔን ሥራ አልጠየቅሽኝም፤ ደግ አደረግሽ። እጄ በሳሙናም አልለቅ የሚል ሽታ እንዳለው ብቻ እወቂልኝ።

ታላቅሽ


መጋቢት 19

እህት ዓለሜ፣

የእጄን ሽታ ነገር ችላ ብለሽ የምታልፊው መስሎኝ ነበር። ይቅርታሽን፤ ባልጽፈው ይሻል ነበር። አንዴ ካነሳሁት ግን ልጨርሰው። ምግብ ላይ ከሆንሽ ግን አታንብቢው።

ቀናቸው ያለፈ ዶሮዎች ከመደርደሪያ ተለቅመው ወደ እኛ ይመለሳሉ። ይጣላሉ መስሎሽ ይሆናል፤ እኔም ስቀጠር መስሎኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ይቆምና «እናቶች፣ ዛሬ እናድስ» ይላል። ገብቶ አያውቅም። ሰውየውን «ሽቶ» ብለነዋል፤ ተነክሮበት ነው የሚመጣው፣ በዚያም ላይ መሐረቡን ከአፍንጫው አያነሳም። ማደስ ማለት ይኸውልሽ። ላስቲኩን እቀዳለሁ። የሚወጣው ጠረን ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ቤት ድረስም አብሮኝ ይመጣል። ቆዳዋ ንፍጥ የነካው ይመስል ያሟልጫል። ክንፏን ስገልጠው ብብቷ አረንጓዴ ነው። አቼቶና ጨው በተበጠበጠበት ውሃ አሻለሁ፣ እለቀልቃለሁ፣ ደግሜ አሻለሁ፣ በጨርቅ አደርቃለሁ። አረንጓዴውን ሥጋ ቆራጩ ይቆርጠዋል፤ እሱን ደግሞ «ቢላ» እንለዋለን። ከዚያ አዲስ ሰሃን ላይ ተኝታ፣ አዲስ ላስቲክ ለብሳ፣ በትንሿ መስኮት ወደ ልጅሽ ታልፋለች። ልጅሽም ትለጥፍባታለች። ፍሬሽ።

ባለፈው አንዷ ከእጄ ሙልጭ ብላ ብታመልጠኝ «ኧረ ይቺስ ሞታለች!» አልኩ።

«እትዬ ዝምታ ዛሬ ተናገሩ!» አለ ቢላ። «ዶሮ ሁሉ እኮ ሞቶ ነው የሚመጣው። በሕይወት ያለች ካገኙ ይጥሩኝ።»

ሁሉም ሳቀ። በመስኮቷ በኩል ልጅሽም ሳቀች።

ከሽታው የባሰ ግን ሌላ አለ። የታደሰች ዶሮ ስቲከሯ ጥጉ ላይ ትንሽ ይታጠፋል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ በሹክሹክታ ይነገረዋል። እኛ ለቤታችን ስንገዛ እንዳንሳሳት ነው። ጥበቃው ያውቃል፣ ገንዘብ ተቀባዮቹ ያውቃሉ። የሽቶ ሚስት ሳትቀር ዶሮ ስትመርጥ መጀመሪያ ጥጉን ነው የምትዳብሰው። ለገዛ ሆዳችን እንዲህ የምናዝን ሰዎች ነን። የማያውቀው ገዝቶ የሚበላው ብቻ ነው።

ልጅሽን ቤት ስንገባ «አይሸትሽም?» አልኳት።

«አክስቴ፣ እኔ ጋ ሲደርስ እኮ ተጠቅልሎ ነው» አለችኝ።

አሁን እሷም የሽቶን ዓይነት ሽቶ ትቀባለች። ከየት አመጣሽው አልኳት፤ «ስጦታ» አለች። ሌላ አልጠየቅኋትም። አንቺም ለጊዜው አትጠይቂኝ።

ታላቅሽ


መጋቢት 28

እትዬ፣

በሹፌሩ የላክሽልኝ ቁራጭ ወረቀት ትናንት ደረሰኝ። ከአንቺ ሰላምታ የሌለው ነገር ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነው። የማዶው ጎረቤታችሁ፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ ሆስፒታል መግባታቸው አሳዘነኝ። ልጃቸውን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ አይዞሽ በይልኝ። እናንተ ጋ የመጣሁ ጊዜ የቀሚሴን ዚፕ እንዴት አድርጋ እንደሰፋችልኝ አልረሳውም፤ አባቷንም በማንኪያ ስታጎርስ አይቻለሁ። ግን እትዬ፣ ሰውየው ሽማግሌ ናቸው። ሐኪሙ ከእርጅና ነው ካለ ከእርጅና ነው። አንቺ ለምን «ሆዴ ፈራ» እንዳልሽ አልገባኝም። ልጄንስ እዚያው መስመር ላይ ምን አመጣት?

የዶሮዎቹን ነገር አንብቤ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፣ እውነቴን ነው። ኋላ ሳስበው ግን የትስ እንዲህ አይደረግም? እዚህ እመቤቴ የሰነበተ ኬክ ላይ አዲስ ክሬም ትቀባና ለእንግዳ ታቀርባለች። «ውይ፣ ፍሬሽ ነው!» እያሉ ጣታቸውን ይልሳሉ። እኔ ሰሃኑን ይዤ ቆሜ አያለሁ። ማንም አልሞተም።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ወለል ስወለውል ኖሬ ልጄን ቆብ ደፍታ አየኋት። ፎቶዋን ከአልጋዬ በላይ ለጥፌዋለሁ፤ ጠዋት ዓይኔን ስከፍት እሷን ነው የማየው። አንቺ ዝምታ ተፈጥሮሽ ነው። እባክሽን አሁንም ዝም በይልኝ።

ታናሽሽ


መጋቢት 29

እህት ዓለሜ፣

ልጅሽን ምን እንዳመጣት ልንገርሽ። ከዚህ በፊት ስላልነገርኩሽ ይቅር በይኝ፤ በእርግጥ ያወቅሁት ትናንት ነው።

ልብስ ሰፊዋ ልብስ ልትቀይር ከሆስፒታል ብቅ ብላ ስለነበር ላግዛት ብዬ ተሻገርኩ። ስፌት መኪናዋ ላይ ያልተጨረሰ ሱሪ እንደተዘረጋ ነው። አባቷ የሚጠግኗቸው ሰዓቶች ጠረጴዛቸው ላይ እየጮሁ ነው። እሷ ወጥ ቤት ቆማ አንድ ድስት በሽቦ ትፈትጋለች።

«ነጽቷል እኮ፣ እህቴ» አልኳት።

«አልነጻም። እኔ ነኝ ጉድ የሠራኋቸው። ድስቱን አሳምሬ ሳላጥብ ነው ሾርባ ያበሰልኩላቸው። ከዚያች ሾርባ ወዲህ እኮ ነው ሆዳቸው አልቆም ያለው።»

«ለሐኪሙ ነገርሽው?»

«ምን ብዬ? ድስት ማጠብ አልችልም ብዬ? አፈርኩ። እሱ ደግሞ ‹አቅማቸው ነው፣ ዕድሜ ነው› ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። አሁን ውሃ እንኳ አይረጋላቸውም። ትናንት ማታ ስሜን ረሱት።»

ይህን ስትለኝ ዓይኔ ቆሻሻ መጣያው ላይ ነበር። ነጩን ሰሃን ለየሁት። ላስቲኩን አነሳሁት። ጥጉ ታጥፏል።

«ዶሮዋን ከየት ገዛሻት?» አልኩ፤ እያወቅሁ።

«ከእናንተው ጋ ነዋ! እኔማ ሌላ አንስቼ ነበር። ልጃችሁ ናት ‹ይቺ ትሻልሻለች፣ ፍሬሽ ናት፣ ሾርባ ይወጣታል› ብላ ከእጄ ተቀብላ የቀየረችልኝ። ዘንቢሌን እስከ በሩ ተሸክማልኛለች። ጨዋ ልጅ አሳድጋችኋል፣ እድሜ ይስጣት።»

አሜን አልኩ እህቴ። አፌ አሜን አለ። ላስቲኩን ጨምድጄ ኪሴ ከተትኩና አንድ ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ። ዝምታ ተፈጥሮሽ ነው ብለሽኝ የለ?

ልጅሽ ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። አላስተባበለችም። እሱ ነው የገረመኝ፤ ትዋሻለች ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት።

«ሽቶ ከኋላዬ ቆሞ ነበር» አለች። «የታደሱት ካልተሸጡ በእኔ ነው የሚጮኸው።»

«እሱ ባይቆምስ?»

ስልኳን አውጥታ መነካካት ጀመረች። «አክስቴ፣ ስንቱ ወስዶ በልቶ ምንም አልሆነም። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው እኮ።»

ልክ እንደ አንቺ አለችው፤ ድምፅዋ ሳይቀር። ተነስቼ መታጠቢያው ላይ አስመለሰኝ። የወጣው የበላሁት ብቻ አይመስለኝም። እሷ ከኋላዬ መጥታ ጀርባዬን አሸችልኝ፤ በሽቶዋ ደግሜ አስመለሰኝ።

ለልብስ ሰፊዋም ለሐኪሙም ልነግር ነው። ቀድሜ ለአንቺ መጻፍ ስለነበረብኝ ጻፍኩ። እናቷ ነሽና አንድ ቃል በይኝ።

ታላቅሽ


ሚያዝያ 1

እትዬ፣

አትንገሪ።

ሰላምታ ስለዘለልኩ ይቅርታ፤ ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ በር ላይ እየጠበቀኝ ነው። ብትናገሪ መጀመሪያ የምትባረረው እሷ ናት። ሽቶ እጁን ታጥቦ «ስቲከር የለጠፈችው ልጅቷ ናት» ይላል፤ ያቺው ልጅ ትታሰራለች። አንቺም ከሥራ ትወጫለሽ። ሽማግሌውን አያድናቸው። ሐኪሙ የተማረ ሰው ነው፤ የሚያስፈልገውን ራሱ ይመረምራል።

ደግሞስ ምን አለች? ፍሬሽ ነው ያለችው። ቃሉ ስንት ትርጉም እንዳለው ዘርዝረሽ የጻፍሽልኝ አንቺው አይደለሽም? አዲስ ተጠቀለለ፣ አዲስ ታተመ፣ ፍሬሽ አለችው። ውሸት አልተናገረችም።

ጡት አስጥዬ በእጅሽ የሰጠሁሽ ልጅ ናት። እኔ ሳላሳድጋት አሳድገሻታል፤ እሱን አልክድም። ከእንግዲህ ግን ልጄን ቀምተሽ አሳልፈሽ ብትሰጫት እህት አለኝ አልልም። ማዶ አትሻገሪ። ምን ወሰንሽ? በዚሁ ሹፌር መልሺልኝ።

ታናሽሽ


ሚያዝያ 3

እህት ዓለሜ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ። በዚያው ሹፌር መልሺ ያልሽውን አልመለስኩም። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ የለም?» ሲለኝ «የለም» ብዬ አሰናበትኩት። ይህን ሌላ ሹፌር ያመጣልሻል።

ትርጉሙ ብዙ ነው ብዬ ጽፌልሻለሁ፣ አልክድም። ትናንት ያን ሽፋን የለሽ መጽሐፍ እንደገና ገለጥኩት፤ አንቺ ትክክል ብትሆኚ ደስ ይለኝ ነበርና በጣቴ እየተከተልኩ እስከ ታች አነበብኩት። አንዱም የበሰበሰ አይልም። እኔ እስከ ዛሬ ከቃላት አንድም የጠላሁት አልነበረም፤ ያገኘሁትን ሁሉ እንደ ወርቅ ነበር የማነሳው። ይህኛው አሁን ይቀፈኛል። ጥርሴን የማጥብበትን ሳሙና ጽሑፉን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀመጥኩት።

አንቺም ቀፈፍሽኝ፤ ልንገርሽ። በፊተኛው ደብዳቤሽ ምሳሽን ያስተወሽ ሽታ በኋለኛው ጠፋብሽ። እንዴት በሦስት ቀን ለመድሽው? እኔስ እዚያው ውስጥ ስለቆምኩ ነው።

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን ልጻፍልሽና ይብቃን።

ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ። ሻይ አፈላሁና አንድ ብርጭቆ ለልጅሽ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጥኩላት። የሥራ ልብሴን ሳይሆን ለሰው ቤት የምለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለበስኩ። ቀሰቀስኳት።

«ነይ አብረን እንሂድ።»

«የት?»

«ማዶ። ከዚያ ሆስፒታል።»

ቁጭ አለች። «ሽቶ ያባርረኛል።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺንም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?» አለችኝ። የምሯን ነው፤ መልሱን በእውነት የማታውቅ ሰው ነው የምትመስለው። ከሁሉ እሱ አንገሸገሸኝ። ብርድ ልብሱን እስከ አናቷ ተከናነበች። ሻዩን ጠጪ ብያት ወጣሁ። በሩን አልቆለፍኩትም።

ልብስ ሰፊዋን በሯ ላይ አገኘኋት፤ ምግብ መያዣ በፌስታል ይዛ ወደ ሆስፒታል ልትሄድ ነው። ግቢ አላለችኝም፣ ቸኩላለች። ደረጃው ላይ ቆመን እንዲህ አልኳት፦ «ድስትሽ ንጹሕ ነበር። ዶሮዋ ናት የበሰበሰችው። ያጠብኳት እኔ ነኝ። ልጅቷም የሸጠችልሽ አውቃ ነው።» እንግሊዝኛ አልቀላቀልኩበትም።

ትጮኻለች፣ ትመታኛለች ብዬ ነበር። ፌስታሉን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ቀስ ብላ «ድስቱን እኮ ልጥለው ነበር» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠና በቀሚሴ እጅጌ ይዛ ጎተተችኝ። እስከ ሆስፒታሉ ድረስ አልለቀቀችኝም። ታክሲ ውስጥም እጅጌዬን እንደያዘች ነው። ለሚያያት ሰው ሌባ የያዘች ነበር የምትመስለው። ልክ ነበረች።

አባቷን በበሩ ክፍተት አየኋቸው። ሰዓታቸውን ከእጃቸው አውልቀውታል። ወደ ጣሪያው እያዩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ድምፅ የለውም። አልገባሁም።

ሐኪሙ መጀመሪያ ቆሞ ነው ያዳመጠኝ፤ ኋላ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስለ አቼቶው፣ ስለ ብብቱ፣ ስለ ስቲከሩ ጥግ ሁሉን ነገርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ብዙ ተናግሬ አላውቅም። ነርሷን ጠርቶ ምርመራ አዘዘ፣ መድኃኒትም እንዲለወጥ አዘዘ። ይድናሉ ወይ አልኩት፤ «ቀድመን ብናውቅ ጥሩ ነበር» አለ።

«እስካሁን ምን ይጠብቁ ነበር?» አለኝ።

«ደብዳቤ» አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ይህ ነገር ለጤና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት መነገር አለበት፣ ዛሬውኑ ሰው ይላካል አለ። ዶሮዋ መጀመሪያ መቼ እንደገባችና ስንት ጊዜ እንደታደሰች ማን ያውቃል ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አላውቅም፤ የማውቀው ስታልፍ ብቻ ነው፤ ቀኑን የምታትመዋ ታውቃለች አልኩት።

«ስሟ ማን ይባላል?»

ልብስ ሰፊዋ እጅጌዬን ለቀቀች። እህቴ፣ እዚያ ላይ አንቺን አሰብኩሽ፤ አላሰበችኝም እንዳትዪ። የልጅሽን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ነገርኩት። ሆሄው እንዳይሳሳት ደግሜ ነገርኩት። ጻፈው።

ቀና ብሎ አየኝ። «ምንዎት ናት?»

«ልጄ ናት» አልኩት።